ባለ ክዳን፣ የታሸገ ወይስ ኤጂኤም? የመኪና ባትሪ ለሚገዛ ሰው

ጠዋት መኪና አልነሳ ሲል ሰፈሩ ሁሉ መካኒክ ይሆናል። ጥበቃው "ባትሪ ነው" ይላል። ጎረቤት "የለም፣ ሞተሪኖው ነው" ይላል። ሌላው ለመግፋት እጅጌውን ይሰበስባል። በመጨረሻ ባትሪ መሸጫ ሱቅ ትሄዳላችሁ፣ እዚያ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ይቀበላችኋል። "ይሄ የኮሪያ ነው፣ ኦርጅናል።" "ይሄኛው ድራይ ነው፣ ገጥመህ ትረሳዋለህ።" "ሁሉም ሰው የሚወስደው ይሄንን ነው።" ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። ለእናንተ መኪና የትኛው እንደሚሻል ግን ማንም አይነግራችሁም።

እዚህ የማንንም ብራንድ አላወድስም፣ አላጣጥልምም። ጥሩ ስም ያለው ባትሪ መደርደሪያ ላይ ዓመት ከተኛ ከመናኛው አይሻልም። የባትሪን ዕድሜ በብዛት የሚወስኑት የመኪናው አነዳድ፣ የባትሪው ዓይነት እና ሱቅ ውስጥ የቆየበት ጊዜ ናቸው። ሦስቱንም ከቤት ሳትወጡ ወይም ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ማጣራት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የባትሪው መሆኑን አረጋግጡ

ባትሪው ሳይሞት ባትሪ የሚቀይር ሰው ብዙ ነው። ከዚህ የሚያድናችሁ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ነው።

መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ ባትሪውን ለኩ። 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12 ደግሞ ሩብ ገደማ ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፍ ያዙር፣ እናንተ ቴስተሩን እዩ። ሙሉ የነበረው ባትሪ ሞተር ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ደክሟል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቁጥሩ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። እዚያው 12 ላይ ከቆመ ዲናሞው አይሞላም፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙም ብዙም ሳይቆይ ያው ይሆናል። ከ15 ካለፈ ደግሞ ዲናሞው ባትሪውን እየቀቀለው ነው። አዳዲስ መኪናዎች ላይ ኮምፒውተሩ የዲናሞውን ቮልት ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው፣ አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትፍረዱ።

የባትሪውን ራሶችም (ኬብሎቹ የሚታሰሩባቸውን ሁለቱን ጫፎች) እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከጋገረባቸው ጅረቱ አያልፍም። አንዳንዱ ለስላሳ ያፈስበታል። ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብትፈትጉት በጣም ይሻላል። ሲፈላ ታዩታላችሁ። መልሳችሁ አጥብቁና ላዩን ግሪስ ወይም ቫዝሊን ቀቡት። "ሞተ" የተባለ ባትሪ በዚህ ብቻ ሲነሳ ብታዩ እንዳይገርማችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆሞ የሚውል መኪናም ትንሽ ትንሽ ይበላል። ሰዓቱ፣ ኮምፒውተሩ፣ አላርሙ ነቅተው ነው የሚያድሩት። ጤነኛ መኪና ላይ ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፒር የተለመደ ነው። 50ውን ብንወስድ በቀን 1.2 አምፒር-አወር (ባትሪ የሚይዘው መጠን የሚለካበት ነው) ይሆናል። እንደ ቪትዝ ያለ ትንሽ መኪና ላይ የሚገባው ባትሪ 35 አምፒር-አወር ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት የቆመ መኪና ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ጂፒኤስ ከተገጠመለት ደግሞ ይፈጥናል። እንዲህ ያለ ባትሪ ቻርጅ እንጂ ቅያሬ አያስፈልገውም።

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት

ቴስተሩ "ደክሟል" ካለ፣ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት እነዚህን ለራሳችሁ መልሱ።

መኪናው እንዴት ነው የሚነዳው? በየቀኑ ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ባትሪውን በደንብ ይሞላል። ከመገናኛ ሜክሲኮ በመጨናነቅ የሚንፏቀቅ ግን ኤሲ፣ መብራትና ሬዲዮ ከፍቶ ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ዲናሞው የሚያመነጨው ትንሽ ነው። እሑድ እሑድ ብቻ ለቤተክርስቲያን የሚወጣ መኪናማ ባትሪው ሁልጊዜ ግማሽ ሆኖ ነው የሚኖረው። እርሳስ-አሲድ ባትሪ ደግሞ ጎድሎ መክረም አይወድም፤ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ድኝ-ነክ ጨው ይጋገርና አቅሙ ይሸረሸራል።

የት ነው የምትኖሩት? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ለባትሪ ይመቻል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ሁመራ ወይም ጋምቤላ ከሆናችሁ ሂሳቡ ይቀየራል። የባለሙያዎች የአውራ ጣት ሕግ፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይላል። ብዙ ሰው ባትሪ የሚገድለው ብርድ ይመስለዋል። ብርድ ድካሙን ያጋልጣል፣ የሚገድለው ግን ሙቀት ነው።

መንገዱስ? ኮብልስቶንና ፒስታ የባትሪውን ሳህኖች ያራግፋል። ባትሪው በማሰሪያ ካልታሰረና ከሥሩ እንጨት ወይም የካላማዳሪ ቁራጭ ተወትፎበት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ የትኛውም ዓይነት ባትሪ ቶሎ ያልቃል።

ማን ይንከባከበዋል? በየሁለት ወሩ ኮፈኑን ከፍታችሁ ውሃ ታያላችሁ ወይስ ኮፈን የሚከፈተው ጋራዥ ስትሄዱ ብቻ ነው? ለዚህ ጥያቄ እውነቱን መልሱ፣ ምርጫው ግማሽ በግማሽ እዚህ ላይ ያልቃል።

አንድ የማይረባ ቁጥር ደግሞ አለ። ሻጩ "ሲሲኤው 500 ነው" ብሎ ያደንቅላችኋል። ሲሲኤ ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሆኖ ሞተር የማስነሳት አቅሙ ነው። ደብረ ብርሃንም ቢሆን እዚያ አይደርስም። ለናፍጣ መኪና ትርጉም አለው፤ ለቤንዚን የቤት መኪና ግን መኪናው ከሚጠይቀው በላይ ለሲሲኤ ብር አትጨምሩ። አምፒር-አወሩን እዩ።

ባለ ክዳን ባትሪ

ላዩ ላይ ስድስት ክዳኖች ያሉት፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰዎች ግን ትልቁን ጥቅሙን አይቆጥሩትም፦ ውስጡ ይታያል። ውስጡ የተከፈለባቸው ስድስት ቤቶች (ሴሎች) እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ገደማ ናቸው። አንዱ ቢሞት በአሲድ መለኪያ ታገኙታላችሁ፤ መለኪያው አሲዱ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ያሳያል። ሙሉ ቤት 1.265 እና 1.280 መሀል ያሳያል። አምስቱ እዚያ አካባቢ ሆነው አንዱ 1.200 ካለ፣ ያ ቤት ሞቷልና ባትሪውን ቻርጅ በማድረግ ብር አታባክኑ።

ሌላው ጥቅሙ፣ ብዙ ጊዜ ደረቅ ሆኖ ይመጣና አሲዱ የሚሞላው ሲሸጥ ነው። አሲድ እስካልገባበት ድረስ ማርጀቱ በጣም ዝግ ያለ ነው። ስለዚህ መጋዘን ውስጥ መክረሙ ብዙም አይጎዳውም። አሲዱ ከተሞላ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይረፍ፤ ከዚያ በቻርጀር ይሞላ። ሻጩ አሲድ ጨምሮ እዚያው ወዲያው ሊገጥምላችሁ ሲል "ቆይ ቻርጅ ይሁን" በሉት። ባትሪው ያለ ሙሉ ቻርጅ ሥራ ከጀመረ ከመጀመሪያው ቀን ጎደሎ ነው።

ጉዳቱ ውሃ መፈለጉ ነው። እዚህ ላይ በየሰፈሩ የሚሠራ ስህተት አለ። ባትሪ ሲደክም "አሲድ ጨምርበት" ይባላል። የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ የትም አልሄደም። አሲድ ስትጨምሩ ቮልቱ ለጊዜው ከፍ ይልና ሳህኖቹን ይበላል። የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧም አይሆንም፣ ሃይላንድም አይሆንም። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ግን ማዕድን አለበት፤ ለእኛ የሚጠቅመው ካልሲየም ባትሪ ውስጥ ቆሻሻ ነው። የምትጨምሩት ሳህኖቹን ሸፍኖ ምልክቱ ላይ እስኪደርስ ነው፣ እሱም ባትሪው ከተሞላ በኋላ። ሳህኖቹ ተራቁተው ካገኛችኋቸው ግን እስኪሸፈኑ ድረስ ጨምራችሁ ከዚያ ቻርጅ አድርጉ።

ቻርጅ ሲሆን የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ይወጣዋል፣ አሲድም ይረጫል። ሲጋራና ክብሪት ይራቁ። ባትሪው ኮፈን ሥር ሳይሆን መቀመጫ ሥር ወይም ከኋላ ያለበት መኪና ላይ ይህንን ዓይነት አትግጠሙ።

የታሸገው፣ ሻጮች ድራይ የሚሉት

ውስጡ ደረቅ አይደለም፣ ያው አሲድ አለው። ሳህኖቹ በካልሲየም ቅይጥ ስለተሠሩ ውሃ የሚያባክኑት ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ክዳኑ ተዘግቷል። ጥገና አይፈልግም ሲባል ውሃ አይፈልግም ማለት ነው። ራሶቹን ግን ማጽዳት፣ ሲጎድልም ቻርጅ ማድረግ አይቀርም።

ላዩ ላይ ያለችውን ክብ ዓይን ብዙ ሰው ያምናታል። አረንጓዴ ከሆነች ደህና፣ ጥቁር ከሆነች ቻርጅ ይፈልጋል፣ ነጣ ወይም ቢጫ ካለች ውሃው ወርዷል። ችግሩ ዓይኗ የምታየው ከስድስቱ ቤቶች አንዱን ብቻ ነው። አምስተኛው ቤት ሞቶ አረንጓዴ ልታበራ ትችላለች። ቴስተሩን እመኑ።

ትልቁ ድክመቱ ዕድሜው ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ መቆጠሩ ነው። አሲዱ ውስጡ ስላለ መርከብ ላይም፣ ወደብ ላይም፣ መደርደሪያ ላይም ራሱን በራሱ ያጎድላል። በወር ጥቂት በመቶ ነው፣ ሙቀት ካለ ይብሳል። ስለዚህ ይህንን ዓይነት ስትገዙ ቴስተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ያልተገጠመ ባትሪ ከ12.4 ቮልት በታች ካሳየ ሌላ አምጡልኝ በሉ። ሻጩ ቢያኮርፍም ግድ የለም። ቆላ ላይ ወይም ዲናሞው ከመጠን በላይ በሚሞላ መኪና ላይ ደግሞ የተነነውን ውሃ መተካት ስለማይቻል በጸጥታ ይደርቃል።

እንዲያም ሆኖ ለአዲስ አበባ የቤት መኪና፣ ኮፈን መክፈት ለማይወድ ሰው፣ ምክሬ ይሄው ነው።

ኢኤፍቢና ኤጂኤም

ኢኤፍቢ የተጠናከረ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ነው። ኤጂኤም ደግሞ አሲዱ የብርጭቆ ክር ምንጣፍ ውስጥ የተመጠጠበት ነው፤ ስለዚህ አይፈስም፣ መንቀጥቀጥ ይችላል፣ ደጋግሞ መጉደልም ከሌሎቹ ይልቅ ይታገሣል። ዋጋው ግን ከተራው በብዙ ይበልጣል። ቻርጀሩ ለኤጂኤም የሚሆን መሆን አለበት፣ ከ14.8 ቮልት በላይ ከተጫነበት ይበላሻል። የሞተር ሙቀትም አይወድም።

መኪናችሁ መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩን ራሱ የሚያጠፋ ከሆነ ምርጫ የላችሁም። ኤጂኤም ከነበረው ኤጂኤም፣ ኢኤፍቢ ከነበረው ኢኤፍቢ ወይም ኤጂኤም ግጠሙ። ባትሪው ከኋላ ያለበት ፕሪየስ የጋዝ መውጫ ቱቦ ያለው ኤጂኤም ነው የሚፈልገው። አንዳንድ የአውሮፓ መኪናዎች ላይ ደግሞ አዲስ ባትሪ መግባቱ በኮምፒውተር መመዝገብ አለበት፣ ይህ የቤት ሥራ አይደለም። አሮጌ ኮሮላ ላይ ኤጂኤም መግጠም ግን ለእኔ ብር መበተን ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችም እዚህ ላይ ቆም በሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቁጥራችሁ በዝቷል። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው ካልነቃ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ነው። በሩን፣ ኮምፒውተሩንና የትልቁን ባትሪ መቀያየሪያ የምታነቃው እሷ ናት። አንዳንድ የቢዋይዲ ሞዴሎች ላይ ይህችም ሊቲየም ናት፤ እሷን በተራ እርሳስ ባትሪ አትተኩ።

ያገለገለ፣ "የታደሰ" እና የሶላር

ያገለገለ ባትሪ ዋጋው ያጓጓል። "ታድሷል" ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ቻርጅ ተደርጎና አሲድ ተጨምሮበት ነው። ሱቁ ውስጥ 12.7 ያሳያችሁና በሳምንቱ ጠዋት ያስገፋችኋል። መኪናውን ልትሸጡት ከሆነ ወይም ደመወዝ እስኪወጣ መሻገሪያ ካስፈለጋችሁ ይሁን። ያም ቢሆን በሎድ መለኪያ (ባትሪውን ጭነት ላይ አድርጎ በሚለካ መሣሪያ) ተሞክሮ፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ሌሊት አድሮ ዳግም ተለክቶ ይሁን። ዋጋውን ለሚያገለግልበት ወር ስታካፍሉት ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይወደዳል።

የሶላር ባትሪ ሳህኑ ወፍራም ነው፤ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ለመስጠት ተሠራ። ሞተሪኖ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ይፈልጋል። መኪና ላይ አትግጠሙት። ተቃራኒውም ያው ነው፦ ጣና ላይ ጀልባ መብራት ሌሊቱን የሚያበራ ሰው የመኪና ባትሪ ቢጠቀም በጥቂት ወራት ይገድለዋል፤ እሱ ነው የሶላሩን ዓይነት መግዛት ያለበት።

ባጭሩ ሲነጻጸሩ

| | ባለ ክዳን | የታሸገ | ኤጂኤም | ያገለገለ |
|---|---|---|---|---|
| የመግዣ ዋጋ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | በጣም ዝቅተኛ |
| ውሃ መጨመር | አዎ፣ በየሁለት ወሩ ይታይ | አይቻልም | አይቻልም | እንደ ዓይነቱ |
| ሙቀት ቦታ | ውሃው ከታየ ጥሩ | ሊደርቅ ይችላል | ከሞተር ሙቀት ከራቀ | ደካማ |
| ፒስታ መንገድ | መካከለኛ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ደካማ |
| ሱቅ ውስጥ መክረም | ደረቅ ከሆነ ብዙ አይጎዳውም | ይጎዳዋል | ይጎዳዋል፣ ግን ዝግ ይላል | ቀድሞም አርጅቷል |
| ጉዳቱን ለማወቅ | ቀላል፣ ቤት በቤት | በቴስተርና በሎድ | በቴስተርና በሎድ | ሎድ ግዴታ |
| ለማን | ለሚንከባከብ | ለማይከፍት | መኪናው ለሚጠይቅ | ለመሻገሪያ |

ለእናንተ የቱ?

በጀቱ ጠባብ ሆኖ መኪናውን ራሳችሁ የምታዩ ከሆነ፣ ወይም ቆላ ከሆናችሁ፣ ባለ ክዳኑን ውሰዱ። ከብሩ ላይ የቀረውን ቴስተር፣ የአሲድ መለኪያና ዲስትልድ ውሃ ግዙበት። ታክሲና ራይድ ለምትሠሩም ይሄው ነው፤ መኪናው ስለሚሮጥ በደንብ ይሞላል፣ ኮፈኑም ቶሎ ቶሎ ይከፈታል።

ቢሮና ቤት ለምትመላለሱ የታሸገው ይበቃል። መኪናው በብዛት የሚቆም ከሆነ ግን ከውዱ ባትሪ ይልቅ ትንሽ ቻርጀር ግዙ። በወር አንዴ ሌሊቱን ቻርጅ የሚያድር ተራ ባትሪ፣ ቻርጅ ከማያገኝ ውድ ባትሪ ይበልጣል። ሞተር አስነስቶ አሥር ደቂቃ ቆሞ ማጥፋት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ግን የወሰደውን እንኳ በቅጡ አይመልስም።

ፒካፕ ይዛችሁ ገጠር ለምትመላለሱ፣ በጀት ካለ ኤጂኤም ወይም ኢኤፍቢ፣ ከሌለ ባለ ክዳን ሆኖ ማሰሪያው የጠበቀ። ሲኖትራክ ወይም ባለ 24 ቮልት አይሱዙ ያላችሁ፣ ሁለቱን ባትሪ በአንድ ቀን ቀይሩ፣ አንድ ዓይነትና አንድ መጠን ይሁኑ። አሮጌውና አዲሱ ሲጣመሩ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይሄዳል። ለሬዲዮ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መውሰድም ያንኑ ያደርጋል።

ሱቁ በር ላይና ቤት

አሮጌውን ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም በስልክ ፎቶ አንሱት። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ርዝመቱ፣ ቁመቱና የፖዘቲቩ ቦታ አንድ መሆን አለበት። ፖዘቲቩ በተቃራኒ በኩል ከሆነ ኬብሉ አይደርስም፣ ተጎትቶ ከደረሰ ደግሞ አደጋ ነው። የራሶቹንም ውፍረት እዩ። የትናንሽ የጃፓን መኪናዎች ባትሪ ራሶቹ ቀጭን ናቸው፣ የአውሮፓው ወፍራም ናቸው። "ሚስማር እንወትፍበታለን" ካሏችሁ የተሳሳተ ባትሪ ነው። የተመረተበትን ቀን አስነብቡ፣ ዋስትናውን ደረሰኝ ላይ አጽፉ። በቃል የተሰጠ ዋስትና ሱቁ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

ስትፈቱ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። መጀመሪያ ነጌቲቩን ፍቱ፣ ከዚያ ፖዘቲቩን። ቁልፉ በስህተት የመኪናውን አካል ቢነካ እሳት እንዳይፈነጥቅ ነው። ስትገጥሙ በተቃራኒው፦ ፖዘቲቩ ይቅደም፣ ነጌቲቩ ይከተል። ማሰሪያውን አጥብቁና በእጃችሁ ነቅንቁት፣ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ሞተር አስነሱና ዳግም ለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ካለ ጨርሳችኋል። ሰዓቱና የሬዲዮው ጣቢያ ይጠፋሉ። የመስኮቱ ራስ-ሰር መዝጊያም በአንዳንድ መኪና ላይ እንደገና መስተካከል ይፈልጋል።

አሮጌውን ባትሪ ግቢ ውስጥ አታስቀምጡት፣ አሲዱንም ቦይ ውስጥ አትድፉ። ውስጡ እርሳስ ነው፣ እርሳስ ደግሞ ሕፃናትን ይመርዛል። ለልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት አዲሱን የሸጠላችሁን ሱቅ ጠይቁ። እርሳሱ ዋጋ ስላለው ብዙዎቹ ተቀብለው ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀንሱላችኋል፤ ይህንን የምትደራደሩት ግን ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ነው።